«እግዜር ያጥናሽ» ላሉኝ ጓድ ሊቀመንበር

…ግማሹ ራስዎ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጸጉሩን እንደ ያዘ፣ ነጩ ጨርቅ አንገትዎ ላይ እንደ ታሰረ፣ ከወንበሩ ሳይነሡ ወደ እኔ ዞረው ነበር። ወይም ወንበሩ ነው የዞረው። የሚሽከረከር ወንበር ስለሆነ ሰውየው ይዙር ወንበሩ ይዙር ሁልጊዜ አይለይም። ብቻ ዞሩና «አይዞሽ፣ አሁን ይመለሳል» አሉኝ፤ እኔም ሳሙናው ከጆሮዎ ሥር ሲደርቅ እያየሁ፣ የመኪናው ድምፅ ወደ ታች ወደ አዲሱ ገበያ ሲርቅ እየሰማሁ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰላምታ ይቀድማል።

ለተከበሩ ጓድ መዝገቡ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ

ጉዳዩ፦ በቤቴ በረንዳ ላይ ስለሚገኝ አንድ ወንበር፣ ስለ አንድ ባንዲራ፣ እንዲሁም ከአፍዎ ስለ ወጡ ሁለት ቃሎች።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ። በበዓሉ ሰሞን ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድና የቀበሌያችን የድምፅ ማጉያ ተባብረው ጉሮሮዎን እንዳደከሙት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከማለዳ እስከ ምሽት ያለ እረፍት ሲመክሩን ሰንብተው ድምፅዎ በመጨረሻው ቀን ዝግት ባለ ጊዜ ምን ያህል እንደ ተሰማን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና ይሁኑልኝ። እርስዎም ረጅም ዕድሜ ይኑሩ፤ ይህን የምመኘው ከልቤ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ይረዱታል።

እኔ ወይዘሮ ሸዋገነት በድሉ ነኝ። እርስዎ ያውቁኛል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቆሞ የሚያነበው ሁሉ ስለማያውቀኝ ልንገረው፦ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የትርፍ ቤት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ተብሎ የተተወልን የጭቃ ቤት አለችኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ እተይባለሁ። ዕድሜዬን የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተይብ ስለኖርኩ «ጉዳዩ» የሚለውን ቃል እጄ ለብቻዋ ታውቀዋለች፤ ከእሱ በኋላ ምን እንደሚመጣ ግን ለራሴ ጽፌ አላውቅምና ብሳሳት ይታገሡኝ። ባለቤቴ ዓምሃ ጸጉር አስተካካይ ነው። ጸጉር ቤቱ አዲሱ ገበያ ነበር። ቤቱ ሲወረስ ወንበሩን በጋሪ አስጭኖ አመጣና በረንዳችን ላይ ተከለው፤ ደንበኞቹም ዳገቱን እየወጡ በረንዳችን ላይ ይስተካከሉ ጀመር። ከደንበኞቹ አንዱ እርስዎ ነበሩ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ወንበሩ።

የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ የውጭ አገር እንግዶች ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ ዓይናቸው እንዳይጎዳ፣ አጥር ሁሉ አረንጓዴ እንዲቀባ፣ ከመንገድ የሚታይ ኮተት ሁሉ ከግቢና ከበረንዳ እንዲነሣ፣ በየደጃፉም ባንዲራ እንዲሰቀል መመሪያ ማውጣትዎ ይታወሳል። ለእንግዶች ዓይን ያሳዩትን ርኅራኄ ሳላመሰግን አላልፍም። አጥሬን ቀባሁ። እውነቱን ለመናገር አጥሬ ከሥሩ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ አሁን የሚቆመው ቀለሙ ይዞት ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ የከሰል ማዳበሪያዎቿን አልጋዋ ሥር ከተተች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስታስል ታድራለች። ከእኛ ከፍ ብሎ ያለው ሰውዬ ፍየሉን ሳሎኑ ውስጥ አሰረ፤ እንግዶቹ ባለፉ ጊዜ ፍየሏ በመስኮት ብቅ ብላ በአክብሮት ተቀበለቻቸው ይባላል።

እኔ ወንበሩን አላስገባሁም። ማመፄ አይደለም። ወንበሩ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ አንድ እግር ብቻ አለው፤ ያንን አንድ የብረት እግር ዓምሃ በገዛ እጁ በረንዳው ውስጥ በሲሚንቶ ተክሎታል። «ሁለተኛ ማንም አያነሣውም» ብሎ ነበር ሲተክለው፣ እየሳቀ፣ እጁ ሁሉ ሲሚንቶ ሆኖ። ለማንሣት በረንዳው መፍረስ አለበት። በረንዳው ከፈረሰ ጣሪያውን የያዘው ቋሚ ይከተላል። አዋጁ የተወልኝ ቤት አንዲት ብቻ ስለሆነች ልሳሳላት ግድ ነው።

ይህን ለአብዮት ጠባቂው ለጓድ ቱሉ አስረዳሁት። ጓድ ቱሉ ደግ ልጅ ነው፤ ወንበሩን ዞረው፣ በእግሩ ገፋ አደረገው፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለና «እትዬ ሸዋዬ፣ ካልተነሣስ ቢያንስ አንሶላ ይልበስ» አለኝ። አለበስኩት። አንሶላ የለበሰ የጸጉር ቤት ወንበር ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። በዚያው ምሽት የእርስዎ ጠባቂዎች ከአጥሩ ማዶ «ማነህ! እጅ ወደ ላይ!» ብለው ጮኹበት። ወንበሩ እጁን አላነሣም። ደግመው ጮኹበት። ወጥቼ አንሶላውን ስገፍፈው ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። እነሱ አፍረው ነው። እኔ ግን፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ከአንሶላው ሥር አንድ ሰው ብቅ ይል ይሆን ብዬ በዝግታ ነው የገፈፍኩት።

ወንበሩን በየቅዳሜው እወለውለዋለሁ፤ ዘይትም አጠጣዋለሁ። ኮተት የሚባለው ባለቤቱ የተወው ዕቃ ነው። ይህ ግን ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሞ የሄደ ሰው ዕቃ ነው። ግማሹ ምን እንደሆነ እርስዎ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ ራስዎ ላይ ነበር።

፪ኛ፦ ስለ ባንዲራው።

ባንዲራ ለመግዛት ሸማቾች ማኅበር ሱቅ ሄድኩ። አልቋል አሉኝ። ለአገር ፍቅር እንዲህ ያለ ሽሚያ መኖሩን ሳይ ኮራሁ። ባዶ ደጃፍ ይዤ ከመቀጣት ብዬ ከታች ወዳለው ወደ ሸማኔው ወደ ጋሽ መሸሻ ሄድኩና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጎ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። ጋሽ መሸሻ ከልጅነቱ ጀምሮ ነጠላና ጋቢ እንጂ ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ሠርቶ አመጣልኝ። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፣ ቢጫውም ቢጫ፣ ቀዩም ቀይ። ከቀዩ ጫፍ ላይ ግን ጣት የሚያህል ጥለት ጥሎበታል፤ የሚያምር፣ ለሠርግ የሚሆን ጥለት።

«ጋሽ መሸሻ፣ ይሄ ባንዲራ እኮ ነው» አልኩት።

«አውቄያለሁ» አለ። «ጥለት የሌለው ጨርቅ ግን ከእጄ አይወጣም፣ የኔ ልጅ። ራቁቱን ሕዝብ ፊት ላውጣው?»

በበዓሉ ማለዳ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ባንዲራውን እንጨቱ ላይ አሰርኩና ደጃፌ ላይ ሰቀልኩ። ነጠላ ለብሶ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ በደኅና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የለቅሶ ቀን ነጠላው ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይመጣል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ይህን የማያውቅ የለም፤ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ካየን ማን ሞተ ብለን አንጠይቅም፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንከተላለን። እኔ ባንዲራውን የሰቀልኩት ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ነው። ቀዩና ጥለቱ ወደ ሰማይ፣ አረንጓዴው ወደ መሬት።

ስለ ምን? ጨለማ ነበር። እንቅልፍ ነበረብኝ። ጥለት ያለው ጨርቅ በያዝኩ ቁጥር እጄ የምትሄድበት መንገድ ይኖር ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ለራሴ ተናግሬአለሁ። እጄንም ጠይቄአታለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትተይብ ስለምትውል ለእኔ የሚተርፍ ቃል የላትም መሰለኝ።

፫ኛ፦ ስለ እንግዶቼ።

በመጀመሪያ የመጣችው እትዬ ዘሀራ ናት። ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ እያሳለች ገባችና «አንቺ ሸዋዬ፣ ምነው ሳትነግሪን? እኛ ጎረቤት አይደለንም? ከባንዲራ እንስማ?» አለችኝ። ምን እንደ ሰማች ጠየቅኋት። አቀፈችኝ። ቀጥሎ ጋሽ መሸሻ ከነሚስቱ መጣ። የራሱን ጥለት ተዘቅዝቆ ሲያየው የተሸመነበትን ዓላማ ያገኘ ይመስል ራሱን ነቀነቀና ቁጭ አለ። ቀጥሎ ፍየል ያሰረው ሰውዬ። ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ በጸሎት የሚያውቁኝ፣ በወረፋ የሚያውቁኝ፣ ዓምሃ ልጆቻቸውን ለክርስትና ያስተካከለላቸው። አንዷ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ በዓል ነውና ለሰልፍ የተቀቀለ ንፍሮ ነበር፣ መንገዱን ቀይሮ እኔ ቤት ገባ።

«ማንም አልሞተብኝም» አልኩ። ደጋግሜ ነው ያልኩት። እትዬ ዘሀራ እጄን ይዛ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለችኝ። ሐዘንተኛ ሁሉ እንዲህ ይል የለ? «ዛሬስ ፈቀዱልሽ እኮ፤ ባንዲራው በአደባባይ ነው የወጣው፣ እነሱ ሳያውቁ ይሆናል?» አለ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ፣ ዓምሃ ከተወሰደ ጀምሮ፣ ለቅሶ እስኪፈቀድልኝ ድረስ ይጠብቅ ኖሯል። እንደሚያውቁት ሰው ከየቤቱ እየታደነ ይወሰድ በነበረበት በዚያ ዘመን ለተወሰደ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ስለዚህ ሰዉ እኔን ለማጽናናትም አልቻለም፣ እንደ ደኅና ሰው ሊያጫውተኝም አፈረ፣ መሐል ላይ ቆሞ በሩቁ ሰላም ይለኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ቤቴ ሰው ሞላው። ሰው ሲቀመጥ የሚሰማው የወንበር ድምፅ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ውኃ ሲያቀብለው፣ ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ። ጀርባዬን ስንት ጊዜ ገትሬ እንደ ኖርኩ ያኔ ነው የታወቀኝ። እንዲሄዱ ልነግራቸው ተነሣሁ፤ የነገርኳቸው ግን «ወደ ውስጥ ግቡ፣ ፀሐዩ በረታ» የሚል ነው።

፬ኛ፦ ስለ እርስዎ መምጣት።

በዚህ ጊዜ እርስዎ ከጓድ ቱሉ ጋር መጡ። የተዘቀዘቀ ባንዲራ አለ ተብሎ ተነግሮዎት ለመቅጣት እንደ መጡ ከእርምጃዎ ያስታውቅ ነበር፤ የአጥሬን በር የከፈቱት በእግርዎ ነው፣ ቀለሙ ጫማዎ ላይ ከተላለፈ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በሩ ሲከፈት ከበረንዳው እስከ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ ለቅሶ ለመድረስ ለሚገባ ሰው እንደሚደረገው፣ ከመቀመጫው ብድግ ብድግ አለልዎት። ቆሙ። እርስዎም ቆሙ። ሊናገሩት የመጡት ነገር አፍዎ ውስጥ ነበር፤ አየሁት። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለ። ሰው ያልተቀመጠበት አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ እሱም በረንዳው ላይ የተተከለው፣ ማንም ሊቀመጥበት ያልደፈረው ነው። ተቀመጡበት። ወንበሩ ዘይት የጠጣ ስለሆነ ያለ ድምፅ ዞረና ፊትዎን ወደ እኔ አመጣው።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ወዲያው አይናገርም። ጓድ ቱሉ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጠመንጃውን ጉልበቶቹ መሐል አቁሞ በእፍኙ ንፍሮ ተቀብሏል። ከዚያ ራስዎን ዝቅ አደረጉና ጥርት ባለ፣ ዘመድ ዘመድ በሚል ድምፅ «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ።

«አሜን» አለ ሰዉ ሁሉ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በውይይት ክበብ እግዜር አለመኖሩን በሚገባ አስተምረውናል። ትምህርቱ ከባድ ስለነበር አንዳንዶቻችን እየረሳን እንቸገር ነበር፤ መምህሩም እንደሚረሱት በማየታችን ተጽናንተናል። ስለዚህ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቅጽበት የት እንዳሉ ትዝ አለዎትና ከወንበሩ ተፈናጥረው ተነሡ፤ «ይህ ምንድን ነው? ለማን ነው የሚለቀሰው? ሕገ ወጥ ስብሰባ ነው! ተበተኑ!» አሉ። ለማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጥቂት ዘግይተው ነበር፤ ከጠየቁ በኋላ ማጽናናት ይቀላል ብዬ በትሕትና አስባለሁ።

ጥያቄዎን ያልመለስኩት ከንቀት አይደለም። ለባሌ ነው ብል፣ እንዳይለቀስለት ለተከለከለ ሰው አልቅሻለሁ፣ ከዚያም በላይ ሞቷል ብያለሁ። ለማንም አይደለም ብል፣ በአብዮቱ የልደት ቀን ባንዲራ አዘቅዝቄ ሰው ሰብስቤአለሁ። በዝምታ ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ እርስዎ እንደ ወደዱ ይሞሉታል። ሰዉም ተበተነ። ተበተነ ማለት ግን እያንዳንዱ በሬ ላይ ቆሞ እንደ እርስዎ ያንኑ ቃል ብሎኝ ሄደ። አንድም ሰው ሌላ ቃል አላመጣም፤ ከሊቀመንበሩ የተሰጠ መመሪያ ነው።

፭ኛ፦

አምስተኛው ይህ ነው። ከበዓሉ በኋላ ጓድ ቱሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት አመጣልኝ። ዓይኖቼን አላየኝም። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የሟች ዓምሃ ንብረት የሆነው አንድ የጸጉር ቤት ወንበር እስከ ቅዳሜ ድረስ ከበረንዳው ተነሥቶ ለቀበሌው የሕዝብ ጸጉር ቤት ገቢ እንዲሆን፤ የሟች ስምም ከቤተሰብ ዝርዝር እንዲሰረዝ።»

ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዎን «ሟች የምትሉት በምን ማስረጃ ነው?» አልኩት። አንገቱን ቀና አድርጎ በቅንነት፣ ለሞኝ ሰው እንደሚያስረዱ፣ «ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ለቅሶ ደርሰው የለ እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አሰብኩ። እርስዎ የመጡት ባንዲራዬ ስለ ተዘቀዘቀ ነው። ባንዲራዬ የተዘቀዘቀው ጨለማ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ባሌ የሞተው መብራት ስላላበራሁ ነው። ሌሊት መብራት የማላበራው በቁጠባ መመሪያዎ መሠረት ነውና በዚህ መንገድ ብንሄድ አደገኛ ቦታ እንደርሳለን። ተመለስኩ። በሌላ መንገድ አሰብኩ።

በሌላው መንገድ እንዲህ ነው፦ ሰው ሳያስብ የሚናገረው የሚያውቀውን ነው።

በበዓሉ ቀን ከወንበሩ ላይ ሆነው ሲያዩኝ የድምፅ ማጉያው ድምፅዎ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ስለ ገቡ ብቻ አፍዎ ለምዶ ከሆነ፣ ይገባኛል፤ የእኔም እጅ እንዲሁ ናት፤ ሁለታችንም በልማዳችን ተያዝን፣ ተሳስቀን እንለያይ። እርስዎ ግን ዓምሃ በመኪናው በተወሰደ ዕለት እዚያው ወንበሩ ላይ ነበሩ። የመጡትን ሰዎች በስማቸው ጠርተዋቸዋል። ግማሽ ራስዎን ሳይላጩ ቀርተው በኋላ ተከትለዋቸው ሄደዋል። እኔም በረንዳው ላይ የቀረውን ጸጉርዎን ጠርጌአለሁ፤ አልጣልኩትም ነበር ለብዙ ጊዜ፣ ሲመለስ የት እንዳቆመ እንዲያውቅ ብዬ። ሞኝነት ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሆን ብዙ ሞኝነት ትሠራለች።

እንግዲህ ከእርስዎ አፍ ሁለት ቃል አለኝ። በአንዱ «አሁን ይመለሳል» ብለውኛል። በሌላው «እግዜር ያጥናሽ» ብለውኛል። ሁለቱም ከዚያው ወንበር ላይ የተሰጡ ናቸው፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። የማኅበሩ አባል እንደ መሆኔ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መመሪያዎችን በአንድ ጊዜ መፈጸም አልችልም። ስለዚህ አንዱን እንዲሽሩልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

የመጀመሪያው ቃል የሚጸና ከሆነ፣ «ሟች» የሚለውን ያንሡልኝ። የዓምሃ ስም ከስሜ አጠገብ ይቀመጥ። ወንበሩም ተተክሎ ባለበት፣ በገዛ ቤቴ በገዛ በረንዳዬ ላይ፣ እንግዶች አዩት አላዩት ይቆይ። አንሶላ አላለብሰውም፤ ለጠባቂዎችዎ ስል።

ሁለተኛው ቃል የሚጸና ከሆነ፣ ማኅተም አልጠይቅም፣ ምክንያት አልጠይቅም፣ የሰው ስም አልጠይቅም። ቀኑን ይንገሩኝ። ቀኑን ብቻ። እኛ ቀን ከሌለን ምንም ማድረግ አንችልም፤ ፍታቱም፣ አርባውም፣ ተዝካሩም፣ ሙት ዓመቱም የሚቆጠረው ከአንድ ቀን ተነሥቶ ነው። ካህኑን ጠይቄዋለሁ፤ «ከመቼ ልቁጠርልሽ?» አለኝ። ቀኑን ከነገሩኝ በረንዳዬን ራሴ በመዶሻ አፈርሳለሁ፣ ወንበሩንም ራሴ ገፍቼ እስከ ጽሕፈት ቤትዎ አመጣዋለሁ፤ ቁልቁለት ስለሆነ አይከብደኝም። ሕዝቡ ይላጭበት። እርስዎም የቀረውን ግማሽ ይጨርሱበት።

ረጅም ዕድሜ የተመኘሁልዎት ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም።

አጥር ከሥሩ ሲበሰብስ በቀለም ማቆም የሚቻል መሆኑን ላስተማሩን፣ የሰፈሩን ፍየል ለሳሎን ላበቁ፣ በመጨረሻም በእግዜር ስም ላጽናኑኝ ለእርስዎ፣ አጎንብሼ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት መልስዎን በበረንዳዬ ላይ እጠብቃለሁ። እስከዚያው በሚያዝዙኝ ሁሉ ታዛዥ ሆኜ፣ በማያዝዙኝ ግን እንደ ወትሮዬ ሆኜ እኖራለሁ።

የአንዲት ቤት ባለቤት፣
የዓምሃ ሚስት፣
ሸዋገነት በድሉ
መስከረም ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለሸማኔው ለጋሽ መሸሻ
ለእትዬ ዘሀራ (ሳሉ ሲሻላት ይነበብላታል)
ለጓድ ቱሉ
ለሻይ ቤቱ ግድግዳ

ማስታወሻ፦ ባንዲራውን አቃንቼ ሰቅዬዋለሁ። ጥለቱን ከባንዲራው ላይ እንዲያወጣ ጋሽ መሸሻን ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ሊታዘዝ ፈልጎ ጨርቁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየውና እንዲህ አለ፦ «ይቻላል። ጥለቱ ግን መጨረሻ ላይ የገባ ስለሆነ ከእሱ መተርተር ከጀመርኩ ቀዩም አብሮ ነው የሚተረተረው። ጠይቂልኝና ልጀምር።» እነሆ ጠየቅሁለት።

ሌላ ማስታወሻ፦ በአደባባይ ከመለጠፌ በፊት የተጻፈለት ሰው ቢያየው ጨዋነት ነው ብዬ ዛሬ ጠዋት የደብዳቤውን አንድ ቅጂ ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎን ሻይ እንዲያመጣ ላኩት። በሩ ላይ እንደ ቆምኩ አነበቡት። በፍየሏ ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ፤ አይቻለሁ። ከዚያ ገጹን ገለበጡ፤ ረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ቀኑን የጠየቅሁበት ላይ መሰለኝ፣ ቆዩ። ወረቀቱን እንደገና ገለበጡና ምንም ያልተጻፈበትን ጀርባውን አዩት። አጠፉት። ደረት ኪስዎ ውስጥ ከተቱት። ከመቀመጫዎ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ፣ በጣም ቀረቡኝ፣ አፍዎንም ከፍተው ነበር። ከዚያ እኔን ደጅ ትተው በሩን፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚደረገው ቀስ ብለው፣ ዘጉት።